«ይጫኑ» ሲባል የትኛው?

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች አጭር መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። የፓይተን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ጥቅል፣ ፓኬጅ) በትዕዛዝ መስመር እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ሳስረዳ «ፓኬጁን ይጫኑ»፣ «ኢንተር ይጫኑ» እያልኩ ተጠላለፈብኝ። ለማውጣቱስ ማራገፍ፣ ማጥፋት፣ ማውረድ ከሚሉት የቱ ይሻላል? ወይስ «ኢንስቶል ያድርጉ» ብዬ ልገላገል?

መልስ፦ ያጠላለፈብዎ ፊደላችን ነው። ጭነት የሚያኖር ሰው «ጫነ» ይባላል፤ ጣቱን ቁልፍ ላይ የሚያሳርፍ ደግሞ «ተጫነ»። «አንተ» ብለን ስናዝዝ ልዩነቱ ፍንትው ይላል፦ «ፓኬጁን ጫን»፣ «ኢንተርን ተጫን»። «እርስዎ» ስንል ግን ሁለቱም «ይጫኑ» ተብለው ይጻፋሉ። ጆሮ ይለያቸዋል፤ በፓኬጁ «ጫ» ላልታ፣ በኢንተሩ ጠብቃ ትነበባለች። መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን ስለማይታይ ግን አንባቢው ከአገባቡ መገመት አለበት። «መጫን» ላይም ያው ነው። «ተጫነ»ማ ጭራሽ «ፓኬጁ ተጫነ» ሲባል ተገብሮ፣ «ቁልፉን ተጫነ» ሲባል ገቢር ይሆናል።

ስለዚህ ምን ላይ እንደሚጫን፣ ምን እንደሚጫኑ ሳይጠቅሱ አይለፉ። የፓይተን ፓኬጆችን በሚጭነውና በሚያራግፈው በፒፕ፣ ሪኩዌስትስ የተባለውን ፓኬጅ ለምሳሌ ብንወስድ፦ «ፒፕ ኢንስቶል ሪኩዌስትስ ብለው ይጻፉና የኢንተር ቁልፍን ይጫኑ፤ ሪኩዌስትስ ኮምፒዩተርዎ ላይ ይጫናል።» በአፍ የምንለው «ኢንተር ይበሉ»ም፣ እኔን ከጠየቁኝ፣ ለመመሪያ አያንስም።

«ማውረድ»ን ለማውጣት አይጠቀሙበት። ጭነት ማውረድና ማራገፍ ድሮ አንድ ቢሆኑም፣ በኮምፒዩተር ዓለም ማውረድ ፋይልን ከኢንተርኔት ማምጣት ሆኗል። «ፒፕ ዳውንሎድ» ፓኬጁን አምጥቶ ያስቀምጣል እንጂ አይጭነውም፤ «አወረድኩት» ያለ ሁሉ ጭኖታል ማለት አይደለም።

«ማጥፋት» ደግሞ ከሥራው በላይ ቃል ይገባል። «ፒፕ አንኢንስቶል ሪኩዌስትስ» ቢሉ፣ እርግጠኛ መሆንዎን ጠይቆ ሪኩዌስትስን ያነሳል፤ አብሮት የገባውን ዩአርኤልሊብ3ን ግን አይነካውም። ፓኬጁ ራሱም ፒፕ በሚያመጣበት የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ እንዳለ ስለሆነ ነገ ተመልሶ ይጫናል። ይህን በልኩ የሚገልጸው «ማራገፍ» ነው፤ የተራገፈ ጭነት ከጀርባ ወረደ እንጂ አልጠፋም።

ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ሥርዓቶች ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያራግፈው አፕት ጉዳዩን ትንሽ ያወሳስበዋል። «አፕት ሪሙቭ» ፕሮግራሙን አንስቶ የሥርዓቱን የቅንብር ፋይሎች ይተዋል፤ «አፕት ፐርጅ» እነሱንም ያነሳል፤ «አፕት ኦቶሪሙቭ» ደግሞ ለሌላ ፓኬጅ ሲባል ገብተው አሁን ፈላጊ ያጡትን ይለቅማል። ፐርጅን «ጠራርጎ ማጥፋት» የሚሉ አሉ፤ አልወደድኩትም፤ በተጠቃሚው የግል ማኅደር ያለውን ቅንብር እሱም አይነካማ! «ከነ» የምትለው ቅጥያችን እዚህ ትበቃለች፦ ሪሙቭ «ማራገፍ»፣ ፐርጅ «ከነቅንብሩ ማራገፍ»።

«ኢንስቶል ማድረግ» በንግግር ችግር የለበትም። ጀማሪው ትዕዛዙን ስክሪኑ ላይ ሲያየው እንዳይደናገር መጀመሪያ ላይ አንዴ ይጥቀሱትና ከዚያ በኋላ በ«መጫን» ይቀጥሉ።

ሲጽፉም «ማርገፍ» እንዳይሉ። ዛፍ ቅጠሉን «አረገፈ» እንላለን፤ ጭነት ግን «ተራገፈ» ነው፣ ሥራውም «ማራገፍ»።