ስለ ፒ53 አንቲቦዲ የፈለጋችሁትን ጠይቁ፦ ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰላም ጎንደሮች። ዛሬ ጥያቄው ክፍት ነው። ርዕሳችን ፒ53 የሚባለውን ፕሮቲን ለማየት የምንጠቀምበት ሞኖክሎናል አንቲቦዲ (ኢላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ነው፤ በተለይ ዲኦ-1 የሚባለው ክሎን። የቂል ጥያቄ የሚባል ነገር የለም፤ ሳታፍሩ ጣሉት።

ጋሼ፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። እስቲ ከስሩ ይጀምሩልን።

እሺ። ፒ53 ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው። ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ ይላል። ዲኤንኤው ሲጎዳ ሴሉ መከፋፈሉን እንዲያቆም ያደርጋል፤ ጉዳቱ ከባሰም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። የታወቀው በ1979 ነው። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ ጂኑ ተበላሽቶ ይገኛል።

ሞኖክሎናል ማለት ደግሞ ከአንድ ሴል ዘር የወጣ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ አንቲቦዲ ነው። ዘዴውን ሳይንቲስቶቹ ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 አወጡት፤ በ1984 ኖቤል አገኙበት። ዲኦ-1 ከአይጥ የመጣ፣ አይጂጂ2ኤ የሚባል የአንቲቦዲ ዓይነት ነው። ከፕሮቲኑ 393 አሚኖ አሲዶች ውስጥ የሚይዘው 20ኛው አካባቢ ያለችውን አጭር ቁራጭ ብቻ ነው። ይቺን ቁራጭ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

የፒ53 ክብደት በስሌት 44 ኪሎዳልተን ገደማ መሆን አለበት። ዌስተርን ብሎቴ (ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ የማየት ሥራ) ላይ ግን ባንዱ፣ ማለትም መስመሩ፣ 53 ጋ ወጣ። ተበላሸብኝ?

ኧረ አልተበላሸም። ፕሮሊን የበዛበት ክፍል ስላለው ጄሉ ላይ እየተጎተተ በዝግታ ይሄዳል። ሁሉም ሰው ጋ እዚያው ነው የሚወጣው።

በፎርማሊን ተይዞ ፓራፊን (ሰም) ውስጥ ያለ ቲሹ ነው። ፕሮቶኮሉ እንደሚለው በሲትሬት በፈር 20 ደቂቃ አፈላሁት፤ አንቲቦዲው የያዘበትን ቦታ የሚያሳየው ቡኒ ቀለም ግን የለም። ውጭ አገር ግን ይሠራል ይላሉ።

ወንድሜ፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ከተህበት እየው። መተማ ወርዶ ባቄላ የቀቀለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እዚያ ቶሎ ይበስላል።

ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ አስሮ ያቺን ቁራጭ ይሸፍናታል። የሚፈታት ሙቀቱ ነው። ፕሮቶኮሉን የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ከሆነ የእሱ ‹‹ማፍላት›› ካንተ ይሞቃል። ስለዚህ ፕሬዠር ኩከር ተጠቀም። እሱ ከሌለ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ አስረዝመህ ሞክር፤ ፒኤች 9 የሆነውን ትሪስ-ኢዲቲኤ የሚባል በፈርም ሞክር። ግን ስላይዱ ማጣበቂያ የተቀባ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቲሹው ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ቲሹው ፎርማሊን ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየም ጠይቅ። ለረጅም በዓል ተትቶ የከረመ ከሆነ ጣጣው ከዚያ ይጀምራል።

ቀለም ከሌለ ፒ53 ጤነኛ ነው ማለት ነው?

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጤነኛ ፒ53 በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚፈርስ መጠኑ ትንሽ ነው። ኒውክለሱ እዚህም እዚያም፣ አንዱ ደብዘዝ አንዱ ጠቆር ብሎ ይታያል። አንድ አሚኖ አሲድ የቀየረ ሚውቴሽን ካለ ግን ፕሮቲኑ ሳይፈርስ ይከማቻል፤ የዕጢው ሴሎች ኒውክለስ ሁሉ ቡኒ ይሆናል። ሦስተኛው ነው ሰው የሚስተው፦ ሚውቴሽኑ ፕሮቲኑን ከነአካቴው ካጠፋው ዕጢው ባዶ ይሆናል። ይህ ጤና አይደለም።

ታዲያ ከቴክኒክ ስህተት በምን ትለዪዋለሽ? ዕጢው አጠገብ ያሉትን ተራ ሴሎች እዪ። እነሱ ትንሽ ቀለም ይዘው ዕጢው ብቻ ባዶ ከሆነ ውጤቱን እመኚው። እነሱም ባዶ ከሆኑ ስላይዱ ምንም አልነገረሽም፤ ድገሚው።

የአይጥ ቲሹ ላይስ?

አይሆንም። ዲኦ-1 የአይጥ ፒ53ን አያውቀውም። ሌላ ክሎን ፈልጉ።

መብራት ሲጠፋ አንቲቦዲው ይሞታል?

ለጥቂት ሰዓት ከሆነ አይሞትም፤ የፍሪጁን በር አትክፈቱ እንጂ። የሚገድለው በረዶ ሆኖ መሟሟት፣ እንደገና በረዶ መሆን ነው። እንደደረሳችሁ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሉት። ግማሹ ግሊሰሮል ከሆነ በኔጌቲቭ 20 ዲግሪም በረዶ አይሆንም፤ ለኛ አገር የሚመች እሱ ነው። ሶዲየም አዛይድ ከሻጋታና ባክቴሪያ ይጠብቃል፤ ግን ፐሮክሲዴዝ የሚባለው ቀለም አውጪ ኢንዛይም የተያያዘበት አንቲቦዲ ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ ኢንዛይሙን ያፍነዋል።

በጀታችን አንቲቦዲውን ከገዛን በኋላ አልቋል። ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ማመሳከሪያ) የግድ ነው?

የግድ ነው። እኔ ብሆን ትንሹን ጠርሙስ ገዝቼ ቀሪውን ለኮንትሮል አውለዋለሁ። ኤች1299 ሴል ፒ53 የለውም፤ እዚያ ላይ ባንድ ካያችሁ አንቲቦዲያችሁ ሌላ ነገር ነው የያዘው። ኤምሲኤፍ-7 የሚባለውን የካንሰር ሴል ዶክሶሩቢሲን (ዲኤንኤን የሚጎዳ መድኃኒት) ብትሰጡት ደግሞ ፒ53ው ከፍ ይላል። ሴል ማሳደጊያ ከሌላችሁ የተዘጋጀ ላይሴት (ከተሰበሩ ሴሎች የወጣ ፈሳሽ) ከሌላ ላብራቶሪ ለምኑ፤ ልመና አያሳፍርም።

ውጤቱን ለታካሚ ብንጽፍበትስ?

ጠርሙሱ ላይ ለምርምር ብቻ ካለ፣ አይቻልም።

መድኃኒት ሰጥቼ ሴሎቹን ጎዳሁ። በዲኦ-1 ባንዱ ቀነሰ፤ በሌላ አንቲቦዲ ግን ጨመረ። የትኛውን ልመን?

ያቺ ቁራጭ መጣች። ዲኤንኤ ሲጎዳ 20ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ሴሪን ላይ ፎስፌት ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ ዲኦ-1 በደንብ አይዝም። ፕሮቲኑ ሳይቀንስ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ሌላው አንቲቦዲህ የሚይዘው የፕሮቲኑን ጭራ ከሆነ እሱን መሠረት አድርግ። ላይሴቱን ፎስፌት በሚነቅለው ኢንዛይም በፎስፋቴዝ አክመህ በዲኦ-1 ድገመው። ባንዱ ከተመለሰ ምክንያቱ ፎስፌቱ ነበር።