ጨጓራ ነው ተብሎ የሚታደር የደረት ሕመም

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ባለፈው ወር ማታ 3 ሰዓት ላይ ደረታቸውን ጫን ሲያደርጋቸው «ጨጓራዬ ነው» ብለው ኦሜፕራዞል ዋጡ፣ ወተት ጠጡና ተኙ። ሆስፒታል የደረስነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። የልብ የደም ቧንቧ ተዘግቶ ኖሯል። ተርፈዋል፤ ልባቸው ግን ተዳክሟል ተባልን። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ሕመም ይዞ ያድራል?
ልጃቸው፣ ከደሴ

መልስ፦ ብዙ ሰው የልብ ሕመም ሲባል ደረቱን ጨብጦ የሚወድቅ ሰው ነው የሚታየው። ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይወጋም፤ ይጫናል፣ ይጨመድዳል፣ ያፍናል። ከደረት መኻል ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ወደ መንገጭላ፣ አንዳንዴም ወደ ላይኛው ሆድ ይሄዳል። ማቅለሽለሽና ግሳት ሲጨመርበት ጨጓራ ነው ማለት አይገርምም። ስኳር የቆየበት ሰው ደግሞ ነርቮቹ ስለሚደነዝዙ ሕመሙ ጭርሱን ላይሰማው ይችላል፤ ድንገተኛ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና ላብ ብቻ ይሆንበታል።

ሌላው አታላይ ነገር መለስ ቀለስ ማለቱ ነው። ቧንቧው ውስጥ የረጋው ደም ላላ ጠበቅ ሲል ሕመሙም ይሄዳል ይመጣል። በአጋጣሚ ኪኒን ከተዋጠ በኋላ ከለቀቀ ኪኒኑ ይመሰገናል። ከዚያ ወዲያ «መሽቷል»፣ «ልጆቹን አላስቸግር»፣ «ሲነጋ ይታያል» ይመጣል። ከመንገዱ ይልቅ ሰዓት የሚበላው ይህ የሳሎን ምክክር ነው።

ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ በደንብ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሰዓታት ነው። ቧንቧውን ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ የሚከፍቱት ጥቂት ሆስፒታሎች አብዛኞቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቅ የደሴ ሰው ሌሊቱን ቤት ማሳለፍ እጥፍ ኪሳራ ነው።

ቃር ከምግብ በኋላ ሲተኙና ሲያጎነብሱ ይብሳል፤ እያቃጠለ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ ዳገት ሲወጡ ይይዝና ቆም ሲሉ ይለቃል። ይህን ልዩነት ግን በሌላ ቀን ይመርምሩት። አርፈው ተቀምጠው 10 ደቂቃ ካልለቀቀ፣ ወይም ገና ሲጀምር ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ ጨጓራም ቢሆን ሆስፒታል ይለየው። አለርጂ፣ የሚደማ ጨጓራ፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ከሌለ 300 ሚሊግራም ያህል አስፒሪን (ባለ 81ዱ ከሆነ 4 ፍሬ) ያኝኩ፤ ሲታኘክ ቶሎ ይሠራል። ራስዎ አይንዱ። አዲስ አበባ ላይ 907 ወይም 939 ይደውሉ። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያነሣ ምርመራ) የሌለው ሰፈር ክሊኒክ ጎራ ማለትም ሰዓት ያስበላል። ሆስፒታል ሲደርሱ ካርድ ክፍል ሰልፍ አይያዙ፤ «ደረቱን ከ3 ሰዓት ጀምሮ ይዞታል» ብለው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ኢሲጂው በገቡ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት።

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ድካም መድኃኒት ትወስዳለች። በየጊዜው ትንፋሽ አጥሯት ካልተጨነቀች በስተቀር ሐኪም ቤት አልሄድም ትላለች። በምን እንወቅባት?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ይህ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ይለመዳል። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መንገድ ላይ ማረፍ ትጀምራለች፤ «እርጅና ነው» ትላችኋለች። ቀጥሎ ትራስ ይደረባል። ትራሷን ቁጠሩ፦ በ1 ትተኛ የነበረች በ3 ከተኛች፣ ወይም ሌሊት ተነሥታ መስኮት ከከፈተች፣ ልቧ ደክሞ ውኃ ሳንባዋ ላይ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሚዛን ግዙ። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄደች በኋላ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ትመዘን። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረች ያ ስብ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪሟን አግኙ። የሽንት ኪኒኗ አልቆ ወይም በጾም ምክንያት ተዘልሎ እንደሆነም ጠይቋት። ጸበል ላይ ኪኒን የሚያቋርጡ አሉ፤ በጸበሉ መዋጥ ይቻል ነበር። የጾሙን ሰዓት ለሐኪሟ ንገሩት፣ የኪኒኑን ሰዓት ያስተካክልላታል።

ጥያቄ፦ ደረቴን አሞኝ ኢሲጂ ተነሥቼ ደህና ነህ ተባልኩ። ሕመሙ ተመልሶብኛል፤ መልሼ ብሄድ አላፍርም?
ከአዳማ

መልስ፦ ዛሬውኑ ይሂዱ፤ አሁን እየያዘዎት ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አይጨርሱት። ኢሲጂ የሚያሳየው የተነሣበትን ቅጽበት ነው፤ ሕመሙ ሲቀጥል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ እየተደጋገመ ይነሣል። የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ትሮፖኒንም መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሆኖ ከ3 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ሊጨምር ይችላል። የድሮውን የኢሲጂ ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ሙቀትና ብርሃን ስለሚያደበዝዘው ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።