የሠፈር ቤተሰቦች የሦስት ወር ዝግጅት እንዴት ይውጣ ለሚለው ጥያቄ

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። የነዋሪዎች ኮሚቴ የቀጣዮቹን ሦስት ወራት የቤተሰብ ዝግጅቶች የማውጣቱን ኃላፊነት እንደሰጠዎትና እስካሁን 11 ዝግጅቶችን እንዳቀዱ ገልጸዋል። ባለፈው ዝግጅት ግን ከ60 በላይ ሰው «እመጣለሁ» የሚል ምልክት አድርጎ ሲያበቃ ሜዳው ላይ የተገኙት 9 ቤተሰቦች ብቻ እንደነበሩ ጽፈው፣ ሙዚቃና ሽልማት ቢጨመር ሰው ይበዛ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በምኖርበት ሠፈር ለሰባት ዓመታት ይህንኑ ሥራ ስለሠራሁ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት። ባጭሩ ሙዚቃውንም ሽልማቱንም ለጊዜው ይተዉት፤ ከ11ዱ ዝግጅቶች ሰባቱን ይሰርዙ፤ የሚተርፈውንም ጉልበት አንድ ቤተሰብ ማስታወቂያውን አንብቦ ለመሄድ ወይም ለመቅረት መወሰን እንዲችል በማድረጉ ላይ ያውሉት።

ይህን የተማርኩት ከከሸፈ ዝግጅት ነው። በሁለተኛው ዓመታችን ብዙ የደከምንበት የልጆች የጨዋታ ቀን አዘጋጅተን የመጣው ሰው ከአዘጋጆቹ ቁጥር ብዙም አልበለጠም ነበር። ኮሚቴው «የሠፈራችን ሰው ለማኅበራዊ ኑሮ ፍላጎት የለውም» ብሎ ደመደመ፤ እኔ ግን ድምዳሜው ስላልተዋጠልኝ በቀጣዩ ሳምንት ያልመጡትን ሰዎች በየቤታቸው እየሄድኩ ጠየቅኋቸው። እኛ አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ አስተያየት የምንጠይቀው የመጡትን ነው፤ እነርሱ ደግሞ ከይሉኝታም የተነሣ «በጣም ደስ ይላል» ከማለት በቀር ብዙ አይነግሩንም። ከቀሩት የሰማሁት ፈጽሞ ሌላ ነበር። አንዷ እናት የሁለት ዓመት ልጅ ይዛ ብትመጣ ለእርሱ የሚሆን ነገር ይኑር አይኑር አላወቀችም፤ አንድ አባት ቅዳሜ ፈረቃ አለበት፤ ሌላው ዝግጅቱ መቼ እንደሚያልቅ ስላልተጻፈ ከሌላ ቀጠሮው ጋር ማስማማት አቅቶታል፤ አንዲት ሴት ደግሞ አረጋዊት እናቷን ብቻዋን ትታ መውጣት አትችልም፣ ይዛቸው ብትመጣ የሚቀመጡበት ወንበር ስለ መኖሩም የሚነግራት አላገኘችም። ዝግጅቱ ራሱ አልማረከኝም ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ የምንጽፈው እነዚያን ሰዎች በዓይነ ኅሊናችን እያየን ነው። «ዝግጅቱ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከማስታወቂያዎቻችን አውጥተነዋል፤ ለሁሉም የተባለ ነገር ለእኔ ልጅ ይሁን አይሁን አይነግረኝምና። በምትኩ የዕድሜ ክልሉን፣ ወላጅ አብሮ መቆየት ያለበት መሆኑን ወይም አድርሶ መሄድ የሚችል መሆኑን፣ የመጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን የማብቂያውንም ሰዓት፣ ዘግይቶ መምጣትም ሆነ ቀድሞ መሄድ ችግር እንደሌለው፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ጥላና መቀመጫ ስለ መኖሩ፣ የሕፃን ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር ስለ መግባቱ፣ እንዲሁም የሚከፈል ነገር ካለ ወይም ከሌለ ያንኑ እንጽፋለን። ዝናብ ቢጥል ምን እንደሚሆንና ውሳኔው በስንት ሰዓት እንደሚነገር አስቀድሞ መጻፉም ብዙ የስልክ ጥሪ ያስቀራል። ይህ ሁሉ ከስምንት አጫጭር መስመሮች አይበልጥም፤ ከአበባና ከፊኛ ሥዕል ይልቅ ሰው የሚፈልገው እነዚያን መስመሮች ነው።

ቀንና ሰዓት ሲጻፍ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአፍ የምንቆጥረው ሰዓትና ስልክ የሚያሳየው ሰዓት በስድስት ሰዓት ስለሚራራቁ፣ «3 ሰዓት» ብቻ ብለው ከጻፉ ግማሹ ሰው ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ፈጽሞ አይለይ። የሳምንቱን ቀን፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱንም አብረው ይጻፉ። እኛ አንድ ጊዜ ዓመቱን ባለመጻፋችን ያለፈው ዓመት የማስታወቂያ ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቶ፣ ሦስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አለባብሰው ባዶ ሜዳ ላይ ተገኝተዋል። ከሦስቱ አንዱ ከዚያ በኋላ በጠራነው ዝግጅት ሁሉ ሳይመጣ ቀርቷል፤ አልፈርድበትም።

የጊዜውን ምርጫ በተመለከተ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በብዛት የሚመቻቸው ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ ሕፃናት ስለሚተኙ የእንቅልፍ ሰዓታቸውን ያዛባ ዝግጅት ለወላጅ ቀኑን ሙሉ የሚከተል መዘዝ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ በጠራራ ፀሐይ መቆየት እንዲቀነስ ይመክራልና፣ የሜዳ ጨዋታ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 4 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ለሁሉም ይበጃል። በዚያ ላይ በሠፈርዎ የሚኖሩትን የሁሉንም እምነት ተከታዮች በዓላትና የጾም ወቅቶች፣ የትምህርት ቤቶችንም የፈተና ሳምንታት ሳያዩ ቀን አይቁረጡ፤ በጨረቃ የሚቆጠሩት የእስልምና በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድሙ ባለፈው ዓመት ያልተጋጨው ቀን ዘንድሮ ሊጋጭ ይችላል። ቅዳሜና እሑድ የሚሠሩ ሰዎችም ስላሉ በሦስቱ ወራት ውስጥ ቢያንስ አንዱ ዝግጅት በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ይሁን።

አሁን ስለ ብዛት ያልኩትን ላብራራ። በመጀመሪያው ዓመት እኛም እንደ እርስዎ በአንድ ሦስት ወር ውስጥ 12 ልዩ ልዩ ዝግጅቶችን አቅደን ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ከስድስተኛው በኋላ ግን ወንበር የሚሸከሙት ሁልጊዜ ያው አራት ሰዎች በመሆናቸው ሁለቱ ታክተው ወጡ፣ የቀሩትን ዝግጅቶችም ሰረዝን። የተሰረዘ ዝግጅት ካልተጠራ ዝግጅት ይልቅ ይጎዳል፤ ነዋሪው በሚቀጥለው ማስታወቂያ ላይ «ይህም ይቀር ይሆናል» ብሎ ይጠራጠራልና። ስለዚህ አንድ ቋሚ ዝግጅት መረጥን፦ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ያው ሜዳ፣ ያው ሰዓት። በመጀመሪያው ወር ጥቂት ቤተሰቦች መጡ፤ በአራተኛው ወር ማስታወቂያ ሳናወጣ በፊት «የዚህ ወሩ አለ አይደል?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ተገኙ። ፓርክረን የተባለው የቅዳሜ ጠዋት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም በዚሁ መንገድ ያደገ ነው። ፖል ሲንተን ሂዊት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2004 ለንደን በሚገኘው ቡሺ ፓርክ ሲጀምሩት የሮጡት 13 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች ይካሄዳል፣ ከ4 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆችም እሑድ እሑድ የ2 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። ርቀቱ አልተለወጠም፣ ክፍያ የለውም፣ ሥራውም የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። በየሳምንቱ አዲስ ነገር መፍጠር ቢጠበቅባቸው ኖሮ ዓመት የሚዘልቁ አይመስለኝም።

ስለ «እመጣለሁ» ምልክት ብዙ አይዘኑ። የአውራ ጣት ምልክት ለብዙ ሰው «ሐሳቡን ወድጄዋለሁ» ማለት እንጂ ቃል መግባት አይደለም። እኛ ምልክቱን ትተን «ስንት ልጅ፣ በስንት ዓመታቸው ይዘው ይመጣሉ?» ብለን መጠየቅ ስንጀምር የመላሹ ቁጥር ቀነሰ፤ የመለሱት ግን በአብዛኛው መጡ። ከዚህም የሚሻለው ለሰው ትንሽ ኃላፊነት መስጠት ነው። ገመድ ይዞ እንዲመጣ የተነገረው ሰው ያለ እርሱ ገመድ መሳቡ እንደሚቀር ስለሚያውቅ አይቀርም። ማስታወቂያውን ሦስት ሳምንት፣ አንድ ሳምንትና አንድ ቀን ሲቀረው ያውጡ፤ ስማርት ስልክ ለማይጠቀሙ አረጋውያን ደግሞ በትልልቅ ፊደል ታትሞ በየመግቢያው በር ይለጠፍ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያሉትን ልጆች በጨዋታ ለመሳብ ብዙ ደክመን አልተሳካልንም፤ ከታናናሾቻቸው ጋር መቆጠር ያሳፍራቸዋል። የድምፅ ማጉያውን እንዲያስተካክሉ፣ እንዲመዘግቡ፣ ለትንንሾቹ ዳኛ እንዲሆኑ ስንጠይቃቸው ግን ከእኛ ቀድመው ይገኙ ጀመር።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝን ነገር ልንገርዎት። አንድ ጊዜ የተረት ምሽት በአዳራሽ ውስጥ ጠርተን በሩ ላይ ሁለት ደረጃዎች መኖራቸውን ማንኛችንም አላሰብንም ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ አራት ሰው ወንበሩን አንሥተን እናስገባዎ ስንላቸው በትሕትና «ልጄ ይግባ፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ» አሉ። ሰውን እንደ ዕቃ ተሸክሞ ማስገባት መፍትሔ እንደማይሆን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በስፋት የሚሠራበት መለኪያ መወጣጫው ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንዲኖረው የሚል ነው፤ ሁለቱ ደረጃዎች በጠቅላላው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስለነበራቸው 3 ሜትር ከ60 የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልግ ነበር። በአንድ ሌሊት የሚዘጋጅ ነገር ስላልሆነ ቀጣዩን የተረት ምሽት ደረጃ ወደሌለው ክፍል አዛወርነው፤ እኚያ አባትም መጥተው ከሁሉ የተወደደውን ተረት የነገሩት እርሳቸው ሆኑ። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ የሕፃን ጋሪ እየገፉ ይሂዱ፤ ጋሪው የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ለሌሎችም እንቅፋት ነው።

ደኅንነትን በተመለከተ ልጅ ቢጠፋ ማን ምን እንደሚያደርግ ከዝግጅቱ በፊት ተነጋገሩ። እኛ ለትንንሾቹ የወረቀት አምባር አድርገን በውስጠኛው ገጽ የወላጅን ስልክ ቁጥር እንጽፋለን፤ የልጁን ስም ግን ከውጭ በሚታይ ቦታ አንጽፍም፣ እንግዳ ሰው በስሙ ቢጠራው ልጁ የሚያውቀው ይመስለዋልና። በዚሁ ምክንያት ብቻውን የተገኘን ልጅ ስምና መልክ በድምፅ ማጉያ አናስነግርም፤ ሁለት አዋቂዎች አብረውት ሆነው ወላጁን ይጠብቃሉ። ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሣ፣ አይለጠፍም።

ወደ ሙዚቃው ስመለስ፣ ሙዚቃ አልጠላም፤ ነገር ግን ሰዎች እርስ በርስ ለመተዋወቅ በመጡበት ቦታ እየጮኹ እንዲያወሩ ማድረግ ከዓላማው ጋር ይጋጫል። ለጆሮም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚያስቀምጠው የማዳመጫ መጠን በሳምንት 40 ሰዓት እስከ 75 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥርም የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የግድ ካስፈለገ ማጉያው ከልጆቹ መጫወቻ ይራቅ። ሽልማቱን ግን አልመክርም፤ አንድ ጊዜ ሰው ያመጣል፣ በሚቀጥለው ወር ሽልማት ከሌለ ሰውም የለም፣ በዚያው ቀንም ከሚስቁት ልጆች የሚያለቅሱት ይበዛሉ።

ዓለም አቀፍ ቀናትን መነሻ ማድረግ ይቻላል፤ ሜይ 15 የሚውለው የቤተሰብ ቀን፣ ኦክቶበር 1 የሚውለው የአረጋውያን ቀን እና ኖቬምበር 20 የሚውለው የሕፃናት ቀን ለዚህ ይመቻሉ። ሆኖም ለንግግር ብቻ ከሆነ ይቅር፤ በአረጋውያን ቀን አያቶች ልጅ ሳሉ ይጫወቱት የነበረውን ጨዋታ ለልጆች ቢያስተምሩ ከአሥር ንግግር ይበልጣል።

እንግዲህ ከ11ዱ የትኞቹ ይቆዩ ቢሉኝ፣ እኔ ብሆን በየወሩ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጠዋት የሚደረገውን የሜዳ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ይዤ፣ አራተኛ አድርጌ በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ቤተሰቦች መጻሕፍት፣ የልጆች ልብስና መጫወቻ የሚለዋወጡበት ዝግጅት እጨምር ነበር፤ የልጅ ልብስ ሳያልቅ ስለሚጠብ ለዚህ ዝግጅት የሚሆን ዕቃ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በየዝግጅቱ መግቢያ ላይ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው ይቁም፤ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ሲመጣ ተቀብሎ ተመሳሳይ ዕድሜ ልጆች ካሏቸው ወላጆች ጋር ያስተዋውቃቸው፤ እኛ የኮሚቴ ሰዎች እርስ በርስ ስለምንተዋወቅ ተሰብስበን ማውራት ይቀናናል፣ አዲሱ ሰው ደግሞ ዳር ቆሞ ስልኩን ሲያይ ቆይቶ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ሲያረቁ፣ ከመውጣቱ በፊት ባለፈው ካልመጡት ሰዎች ለሁለቱ ያስነብቡና የሚጠይቁትን ጥያቄ ሁሉ ይጻፉ፤ ረቂቁን እዚህ ካስቀመጡትም እኔ አይቼ የጎደለ የመሰለኝን እነግርዎታለሁ።