ሚዛኑ ስቤን በምን አወቀው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የድሬዳዋ ነዋሪ ስሆን የምተዳደረው በኤሌክትሪክ ጥገና ሙያ ነው። በቅርቡ በባዶ እግር የሚቆሙበት ሚዛን ላይ ብወጣ፣ የሰውነት ስቤ ጠዋት 24 በመቶ፣ በዚያው ዕለት ወደ ማታ ደግሞ 21 በመቶ መሆኑን አሳየኝ። በገላዬ ኤሌክትሪክ አሳልፎ እንደሚለካ ተነገረኝ። እኔ ግን ሁለት እጆቼን በቴስተር ስለካ፣ ሲደርቁ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኦም (የከረንት መገታት መለኪያ)፣ ላብ ሲያገኛቸው ደግሞ እጅግ ያነሰ ያነብልኛል። እንዲህ ከሚዋዥቅ ነገር የሥጋ ሁኔታ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ቴስተርዎ አልዋሸም፤ የለካው ግን በአብዛኛው ቆዳዎን ነው። ደረቁ የቆዳ ንጣፍ ከረንትን አጥብቆ ስለሚገታ፣ በሁለት ሽቦ ብቻ ሲለካ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በሕክምና መሣሪያዎች አራት ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ ሁለቱ ከአንድ ሚሊ አምፔር የማይበልጥ ተለዋዋጭ ከረንት ሲልኩ፣ ሁለቱ ቮልቴጁን ብቻ ያነባሉ። በ50 ኪሎ ኸርዝ ፍሪኩዌንሲ (በሴኮንድ 50 ሺህ ዙር) እንዲህ ሲለካ ከእጅ እስከ እግር ያለው ገላ 500 ኦም አካባቢ ያሳያል። (ይህን በቤትዎ ከመስመር ኤሌክትሪክ ጋር አገናኝተው ለመሞከር ፈጽሞ እንዳያስቡ።)

ትልቁ ምስጢር ያለው ሕዋሱ ላይ ነው። ከሕዋስ ውስጥም ከውጭውም ጨዋማ ውኃ አለ፤ ሁለቱን የሚለየው ስስ የቅባት ሽፋን ከረንት የማያሳልፍ በመሆኑ፣ በእርስዎ ሙያ ቋንቋ ካፓሲተር፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ከረንትን የሚገታ፣ ከፍ ሲል የሚያሳልፍ ዕቃ ማለት ነው። ሁጎ ፍሪክ የተባለው ተመራማሪ በ1925 እ.ኤ.አ. የቀይ የደም ሕዋስን ካፓሲታንስ ለክቶ፣ ሽፋኑን በዓይኑ ሳያይ ውፍረቱን 3.3 ናኖ ሜትር ገደማ ብሎ ገምቷል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ከረንት ሕዋሱን ዞሮ በውጭው ውኃ ያልፋል፤ ከፍተኛው ግን ሽፋኑን ተሻግሮ ውስጡን ያዳርሳል። ከከፊራ ገበያ ሲመለሱ ከዘንቢልዎ የወደቀ ማንጎ ያስቡ፤ ልጣጩ ሳይቀደድ የተመታው ጎኑ በጣት ሲነካ ይሰረጉዳል። እዚያ ቦታ የሕዋሶቹ ሽፋን ፈርሶ ጭማቂው ስለተቀላቀለ፣ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲም ያለ ከልካይ ያልፋል፤ በደህናው ጎን የሚታየው የሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች ልዩነትም እዚህ ይጠብባል። በሰው ገላም ሽፋኑ ከረንቱን ከቮልቴጁ የሚያስቀድምበት ማዕዘን ይለካል፤ በጤነኛ አዋቂ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሲሆን፣ በምግብ እጥረት በተጎዳ ወይም ውኃ በቋጠረ ሰውነት ዝቅ ይላል። ይህ ስለ ሕዋሱ ይዞታ ፍንጭ እንጂ በሽታውን በስሙ የሚጠራ ምርመራ አይደለም።

ወደ ሚዛንዎ ስንመለስ፣ መሣሪያው ስብን በቀጥታ አይለካም፤ ውኃ የሚበዛበት ሥጋ ከረንትን ሲያሳልፍ ስብ ስለሚገታው፣ ኦሙን ከቁመት፣ ከክብደት፣ ከዕድሜና ከጾታ ጋር በቀመር አስልቶ ይገምታል። ከረንቱም ከአንድ እግር ወደ ሌላው ስለሚሄድ በአብዛኛው የሚያየው ከወገብ በታች ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲሠሩ ፈሳሽ ወደ እግርዎ ይወርዳል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ቆዳዎ ይግላል፤ ሁለቱም ኦሙን ስለሚቀንሱ መሣሪያው ስብዎ የቀነሰ ይመስለዋል። በላብ የወጣውን ውኃ ሳይተኩ ቢቀሩ ግን ተቃራኒውን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለውጥን መከታተል ከፈለጉ ዘወትር ጠዋት፣ ከምግብ በፊትና ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ ይለኩ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በሰውነቱ የተተከለለት ሰው ግን ከሐኪሙ ሳይማከር እዚህ ሚዛን ላይ አይውጣ።