ኮምፖዚት ውስጥ ፋይበር ስለመቅበር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ለመመረቂያ በምሠራው የግላስ ፋይበር ፓኔል ውስጥ ኦፕቲካል ፋይበር ብቀብር፣ በመዶሻ ስመታው ውስጡ መጎዳቱን ይነግረኛል ወይ? ኤፍቢጂ ሴንሰርስ የግድ ነው?» የሚል ነው። ይነግርሃል፤ ግን ፋይበሩ ባለፈበት ቦታ ብቻ። ኤፍቢጂ (ፋይበሩ ውስጥ የሚቀረጽ፣ ፋይበሩ ሲለጠጥ የሚመልሰው ብርሃን የሞገድ ርዝመት የሚለወጥ ሴንሰር) ደግሞ ለመጀመሪያ ሥራ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሴንሰሩን እንኳ ብትችለው ማንበቢያ መሣሪያው ኪስ ያራቁታል።

እኔ ብሆን እዚሁ ጎንደር በሚገኝ ነገር እጀምራለሁ። ኢንተርኔት የሚዘረጉ ልጆች ቆርጠው የሚጥሉት ቁራጭ ፋይበር አይጠፋም፣ ለምናቸው። መስመር የሚፈትሹበት ቀይ ብርሃን የሚልክ እስክሪብቶ የሚያህል መሣሪያም አላቸው (ጫፉን በዓይንህ እንዳታየው)። ግላስ ፋይበር ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ የተቀበረው ፋይበር ሲሰበር ቀዩ ብርሃን እዚያው ይፈስና ከላይ በዓይን ይታያል። መብራት አጥፍተህ እየው፣ ደስ ይላል። ፓኔሉ የካርቦን ፋይበር ከሆነ ግን ብርሃን ስለማያሳልፍ እርሳው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አቀባበሩ ላይ ነው። ፋይበሩ ከነሽፋኑ 250 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ከግላስ ፋይበር ጨርቁ ክር ጋር በአንድ አቅጣጫ ካላስተኛኸው ዙሪያውን ሬዚን (ጨርቆቹን የሚያጣብቀው ሙጫ) ብቻ የሞላበት ኪስ ይፈጠርና ስንጥቁ ራሱ ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ከፓኔሉ ጠርዝ በሚወጣበት በኩል ቀጭን የቴፍሎን ቱቦ አልብሰው፤ አለዚያ ሬዚኑ ደርቆ ከሻጋታው ስታላቅቀው ጠርዙ ላይ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። ደግሞ ስትመታው የንብርብሮቹ መላቀቅ ብዙ ጊዜ እየሰፋ የሚሄደው ወደ ጀርባው ስለሆነ ፋይበሩን ወደዚያ አስጠግተው።

ኤፍቢጂ ካገኘህ ጠላትህ ሙቀት ነው። 1550 ናኖሜትር አካባቢ የሚሠራው የሚመልሰው የሞገድ ርዝመት በ1 ማይክሮስትሬን (የርዝመቱን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል መለጠጥ) 1.2 ፒኮሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፣ በ1 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ግን 10 ፒኮሜትር ገደማ። የጎንደርን በጋ ታውቀዋለህ፣ ጠዋት ጋቢ፣ ቀትር ሸሚዝ ነው። 10 ዲግሪ ቢለዋወጥ ማንም ሳይነካው 80 ማይክሮስትሬን የሚያክል የውሸት ንባብ ይሰጥሃል። ስለዚህ የሙቀቱን ድርሻ ለይተህ እንድትቀንስ ጫና የማይደርስበት ሌላ ኤፍቢጂ አጠገቡ አስቀምጥ።

ቁጥሩን ብቻም አትመዝግብ። ሳትመታው በፊት ሙሉውን ስፔክትረም (የሚመለሰውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ የሚያሳየውን ግራፍ) ያዝ። ሙቀት ብቻ ከሆነ ፒኩ (የግራፉ ጫፍ) ቅርጹን እንደያዘ ይንሸራተታል። አጠገቡ ስንጥቅ ካለ ግን ስትሬኑ (መለጠጡ) ወጥ ስለማይሆን ፒኩ ይሰፋል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል።

ፓኔሉ ስንት ንብርብር እንደሆነና ምን ዓይነት ሬዚን እንደያዝክ ጻፍልኝ፣ የት የት ብታስተኛው እንደሚሻል ሥዬ እልክልሃለሁ።