መልስ፦ ልጁ ሰንፎ ነው ወይስ ዘረኝነት ነው?

ወንድሜ፣ «የእህቴ ልጅ ገጠር በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ድሬዳዋ 9ኛ ክፍል ሲገባ ወደ ኋላ ቀረ፤ ዘረኝነት ነው?» ብለሃል። የሚሳደብ አስተማሪ ከፈለግክ ላታገኝ ትችላለህ። ነገሩ ያለው አሠራሩ ውስጥ ነው።

ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ብሏል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 5 ላይ ቋንቋዎችን እኩል ያያል። ድሬ ውስጥ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራሉ። 9ኛ ላይ ግን መማሪያው እንግሊዝኛ ነው። እሱ ሁሉንም ያስቸግራል፣ እውነት ነው። ታዲያ ተማሪው አልገባው ሲል አስተማሪው ምን ያደርጋል? በአማርኛ ያብራራል! እኔም ሳስተምር አድርጌዋለሁ። የከተማው ሰፈር የከዚራ ልጅ ወዲያው ገባው። ከገጠር የመጣው ግን ሁለት ቋንቋ መሻገር አለበት። ዝም ሲል «ደካማ» ተባለ። የወላጅ ስብሰባውም በአማርኛ ነበር፤ የዚያ ተማሪዬ እናት ጥግ ይዘው ተቀመጡ፣ ፈርመው ሄዱ። (እስካሁን ይቆጨኛል።)

ትምህርት ቤቱ ስትሄድ «ዘረኛ ናችሁ» ብለህ አትጀምር፣ በር ይዘጋብሃል። የማጠናከሪያ ትምህርቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ ጠይቅ። ለእህትህም አስተርጓሚ ይዘህ ሂድ።