ስለ ቅጣት አወሳሰን መመሪያው ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለተግባር ልምምድ በገባሽበት ችሎት በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት የከባድ ስርቆት መዝገቦች ላይ ቅጣት ተነበበ። አንዱ በገደብ ተለቀቀ (ቅጣቱ ሳይፈጸምበት በቅድመ ሁኔታ ወጣ)፣ አንዱ አራት ዓመት ተፈረደበት። «መመሪያ እያለ ይሄ እንዴት ይሆናል? ሕጉ ይሻሻል ከተባለስ ከየት ይጀመር?» ነው ያልሽው። ዘጠኝ ዓመት በዐቃቤ ሕግነት ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ጠበቃ ነኝ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

መመሪያው ከመውጣቱ በፊት የነበረውን አንቺ አልደረስሽበትም። እኔ ሥራ የያዝኩት በ1998 ነው፣ የወንጀል ሕጉ ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ። አንቀጽ 540ን ታውቂዋለሽ፤ ተራ የሰው ግድያ፣ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት። አምስት ዓመት የተፈረደበት ልጁን አንደኛ ክፍል ሲገባ ይደርስበታል፤ ሃያ የተፈረደበት ልጁን ሲድር አይኖርም። ያን ሁሉ ርቀት የሚሞላው የዳኛው ኅሊና ብቻ ነበር። እኛ ዐቃቤ ሕጎች «መዝገቡ ለየትኛው ችሎት ደረሰ?» ብለን እንጠይቅና ቅጣቱን አስቀድመን እንገምት ነበር። ግምታችን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የሕጉ አንቀጽ 88(4) ጠቅላይ ፍርድ ቤት መመሪያ እንዲያወጣ ያዘዘው እንዲህ ያለውን ነገር ለማስቀረት ነው፤ ቅጣት ትክክለኛና ተቀራራቢ እንዲሆን። የመጀመሪያው መመሪያ በ2002 ወጣ፣ ከዚያ ተሻሽሎ ቁጥር 2/2006 መጣ። አሠራሩን ተምረሽዋል። ወንጀሉ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ከደረጃው በቅጣት ሠንጠረዡ ላይ መነሻ እርከን ይገኛል፣ ማክበጃ (ቅጣቱን የሚያከብድ ምክንያት) እርከኑን ወደ ላይ ይገፋል፣ ማቅለያ (የሚያቀል ምክንያት) ወደ ታች ይስባል። ዳኛው ከመመሪያው መውጣት ካስፈለገው ምክንያቱን ጽፎ መውጣት ይችላል። «መመሪያው ዳኛን ካልኩሌተር አደረገው» የሚል ወቀሳ ከብዙ ባልደረቦቼ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ከ2002 በፊት የነበረውን ያየ ሰው መመሪያውን በቀላሉ አይጥልም።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ወደ ሠንጠረዡ ከሚገባው ነገር።

አንድ ቀን ልንገርሽ። ዐቃቤ ሕግ እያለሁ ነው። ተከሳሹ የሚኒባስ ረዳት ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ጠበቃ የለውም። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ እዚያው ወዲያው የቅጣት አስተያየት ተጠየቅን። እኔ ማክበጃዬን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ዳኛው ወደ ልጁ ዞረው «ማቅለያ ካለህ አቅርብ» አሉት። ልጁ «ይቅርታ ይደረግልኝ» አለ። «ሌላስ?» «ሌላ የለኝም።» ጸሐፊዋ ጻፈች። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከሰዓት ቅጣቱ ተነበበ።

ኮሪደር ላይ እናቱ ጠብቀውኝ ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ልጁ ለተበዳዩ ግማሹን ገንዘብ እንደከፈለ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ውል ነው፣ ከፍርዱ ሁለት ወር በፊት። «ይሄ ይጠቅማል ወይ ልጄ?» አሉኝ። በጣም ይጠቅም ነበር። አንቀጽ 82 ጉዳትን መካስንና ከልብ መጸጸትን በግልጽ ማቅለያ ብሎ አስቀምጦታል። ልጁ ግን «ማቅለያ» ሲባል ለምኖ ይቅርታ መጠየቅ መስሎታል። ይግባኝ እንዲሉ ነገርኳቸው። አላሉም፤ አቅም አልነበራቸውም።

ያን ቀን መመሪያው አልተጣሰም። ስሌቱም ልክ ነበር። የገባው መረጃ ግን ጎዶሎ ነው።

እኔም አጥፍቻለሁ። በአንድ የከባድ ውንብድና መዝገብ መሣሪያ መያዙን እንደ ጠቅላላ ማክበጃ ቆጥሬ አቀረብኩ። ክሱ ራሱ አንቀጽ 671 የተባለው በመሣሪያው ምክንያት ነበር። በልዩ ክፍሉ፣ ማለትም ወንጀሉን በሚደነግገው አንቀጽ ውስጥ፣ የተቆጠረ ነገር ደግሞ ዳግመኛ አይቆጠርም። ማንም አልተቃወመኝም፣ ተያዘልኝ። ሠንጠረዡ ታች ላይ አንድ እርከን የወራት ጉዳይ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ዓመት ይሆናል።

ስለዚህ ከየት ይጀመር ላልሽው፣ እኔ ብጠየቅ ከቅጣት ክርክሩ እጀምራለሁ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149 ሁለቱም ወገን ስለ ቅጣቱ አስተያየት እንዲሰጡ ያዛል፤ ምን ምን ተብለው ይጠየቁ የሚለውን ግን ለችሎቱ ልማድ ተወው። ከጥፋተኝነት በኋላ የተለየ ቀጠሮ በሕግ ይደንገግ። ዳኛው «ማቅለያ አለህ?» ብሎ አይለፍ፤ ካሣ ከፍለሃል? የምታስተዳድረው ቤተሰብ አለ? ታመህ ታውቃለህ? ብሎ አንድ በአንድ ይጠይቅ። ውድቅ የተደረገ ማቅለያ ለምን ውድቅ እንደሆነ በፍርዱ ይጻፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። ተከላካይ ጠበቃ እጥረት አለ፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ለዚህች ቀን እንኳ ሰው ከጎኑ ይቁምለት።

ሌላው የብሩ ጉዳይ ነው፣ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም። በንብረት ወንጀሎች ደረጃ የሚወጣው በብር መጠን ነው። በ2006 መጀመሪያ አንድ ዶላር 19 ብር አካባቢ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከመቶ በላይ ሆኗል። ያው አንድ ዓይነት ስልክ የሰረቀ ልጅ ጥፋቱ ሳይከፋ ደረጃው ይከፋል። በብር የሚጻፍ ደረጃ በየጊዜው የሚታደስበት መንገድ አብሮት ሊጻፍ ይገባል። ይሄ ቀላሉ ማሻሻያ ነው፣ አዋጅ እንኳ አይጠይቅም።

መመሪያው ወደ አዋጅ ከፍ ይበል ለሚሉት፣ እኔ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ለማደስ ይቀላል። ምክር ቤቱ ሥራው ሌላ ነው፤ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚሉትን ሰፋፊ አንቀጾች ማጥበብ።

ወደ ሁለቱ መዝገቦችሽ ልመለስ። ማውጣት ከቻልሽ እርከኑን በኋላ እዪው። መጀመሪያ ጠበቃ የነበረው የትኛው እንደሆነ ተመልከቺ። ከዚያ የቅጣት አስተያየት የተጻፈበትን ገጽ ፈልጊና የተከሳሹ ቃል ስንት መስመር እንደሆነ ቁጠሪ። ውጤቱን እዚሁ ብትጽፊልን ደስ ይለኛል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚህ ላይ ካደረግሽውም በውስጥ መስመር አናግሪኝ፣ የማስታውሳቸውን መዝገቦች አብረን እናያለን።